የአምፕሊፋየር ሙቀት በደሴና በኮምቦልቻ፡- የቦታን ከፍታ ያገናዘበ ማቀዝቀዣ ለምን ያስፈልጋል?

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ስብሰባ፣ የምረቃ ሥነ ሥርዓት፣ ሠርግም ሆነ ሃይማኖታዊ በዓል ያለ ድምጽ ማጉያ ሲካሄድ ማየት እምብዛም የተለመደ አይደለም። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች መካከል ባቲና አምባሰል የሚጠሩት በዚሁ በወሎ ምድር በሚገኙ ቦታዎች ስም ነው። ወሎ በመንዙማውም ይታወቃል። በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ ድምጽን አጉልቶ ለሕዝብ ማድረስ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ማኅበራዊ አገልግሎት አካል ነው።

በሕዝቡ ዘንድ “ሞንታርቦ” በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የድምጽ ማጉያ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በፋብሪካ ተገጣጥሞ ከውጭ የሚገባው ነው። ሌላው ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች ትራንስፎርመር፣ ትራንዚስተር፣ ቦርድና የላሜራ ሳጥን አሰባስበው በእጃቸው የሚሠሩት አምፕሊፋየር ነው። በእጅ የሚሠራው መሣሪያ ሲበላሽ ክፍሎቹ በቀላሉ የሚለወጡና ሠሪው በቅርብ የሚገኝ በመሆኑ የራሱ ጠቀሜታ አለው። ይሁንና ዕድሜውንና አስተማማኝነቱን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው በአብዛኛው በቂ ትኩረት የማይሰጠው የሙቀት አወጋገድ ነው።

ሙቀቱ በአግባቡ ያልተወገደለት አምፕሊፋየር በስብሰባ መሀል ድምጹን ያቋርጣል፤ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ፤ ድምጽ ማውጫውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የከፋ ሲሆን ደግሞ የእሳት አደጋ መንስኤ ይሆናል። ችግሩን ልዩ የሚያደርገው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ የሚገኙት የሙቀትና የኃይል መጠን ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ጠለልና ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተሰሉ መሆናቸው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመሆኑም ቁጥሮቹን እንዳሉ መቀበል መሣሪያውን ከመጀመሪያው ለብልሽት ማጋለጥ ይሆናል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

አምፕሊፋየር ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወስደውን ኃይል በሙሉ ወደ ድምጽ ማውጫው አያደርስም። በስፋት የሚሠራበትና በባለሙያዎች ዘንድ ኤቢ ክፍል የሚባለው የአሠራር ዓይነት በንድፈ ሐሳብ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ቅልጥፍና 78 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። ቀሪው ኃይል በትራንዚስተሮቹ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ብዙ ተጠቃሚዎች መሣሪያው በጣም የሚሞቀው ድምጹ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ይመስላቸዋል። የዘርፉ ስሌት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ኤቢ ክፍል አምፕሊፋየር ተመሳሳይ ድምጽ ሳያቋርጥ በሚሰጥበት ጊዜ በትራንዚስተሮቹ ላይ ከፍተኛ ሙቀት የሚፈጠረው የኃይሉን 40 በመቶ ገደማ ሲያወጣ ነው። ስለዚህም “ድምጹን መሀል ላይ ስላደረግነው አይሞቅም” የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ለረጅም ሰዓት በመካከለኛ ድምጽ የሚሠራ የአዳራሽ አምፕሊፋየር ለሙቀት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ለአብነት እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሚሰጡ ሁለት መስመሮች ያሉት አምፕሊፋየር በአስቸጋሪው ሁኔታ በድምሩ 50 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል ብሎ ማስላት ተገቢ ነው። ይህ ሙቀት ቀደም ሲል በየቤቱ ይሠራበት የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚያወጣው ጋር የሚቀራረብ ነው። በሚሠራ አምፖል ላይ እጅን ማሳረፍ እንደማይቻል የሚታወቅ ሲሆን፣ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ይኸው ሙቀት የሚፈጠረው እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ በማይሰፉ ጥቂት የሲሊኮን ቁርጥራጮች ላይ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ጠባብ ስፍራ በፍጥነት ወጥቶ ወደ አየር ካልተበተነ ትራንዚስተሩ ይጠፋል።

ሙቀት የሚያልፍባቸው ሦስት ደረጃዎች

ሙቀት ከትራንዚስተሩ ተነስቶ አየር እስኪደርስ ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል። የመጀመሪያው ከሲሊኮኑ ወደ ትራንዚስተሩ የብረት ጀርባ የሚያደርገው ጉዞ ነው። ይህ በአምራቹ የሚወሰን በመሆኑ ገጣጣሚው የሚለውጠው ነገር የለም። ሁለተኛው ከትራንዚስተሩ ጀርባ ወደ ሂትሲንኩ፣ ማለትም ክንፍ ወዳለው የአሉሚኒየም ሙቀት ማስወገጃ የሚሻገርበት ነው። ሦስተኛው ከሂትሲንኩ ክንፎች ወደ አየር የሚበተንበት ነው። የባለሙያው ጥበብ የሚለካው በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ደረጃ ሙቀቱን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካው “ዲግሪ በዋት” በሚል መስፈሪያ ነው። ለምሳሌ 0 ነጥብ 8 ዲግሪ በዋት የሚል ሂትሲንክ በእያንዳንዱ ዋት ሙቀት ከአካባቢው አየር በ0 ነጥብ 8 ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሂትሲንኩ የተሻለ ይሆናል።

በሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች በርካታ ናቸው። ትራንዚስተርና አሉሚኒየም ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በመካከላቸው በጥቃቅን ጎድጓዶች ውስጥ አየር ይቀራል። አየር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ በመሆኑ ክፍተቱን ሙቀት አስተላላፊ በሆነው ነጭ ቅባት መሙላት ያስፈልጋል። ቅባቱ ግን በስሱ መቀባት አለበት። ቅባቱ ራሱ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም በእጅጉ ባነሰ መጠን ስለሆነ በዛ ተደርጎ ሲቀባ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

የአብዛኞቹ የኃይል ትራንዚስተሮች ጀርባ የኤሌክትሪክ መስመር በመሆኑ ከሂትሲንኩ ጋር በቀጥታ እንዲነካካ አይደረግም። በመካከላቸው ማይካ ወይም የሲሊኮን ላስቲክ ይገባል፤ ብሎኑም ማገጃ ቀለበት ይደረግለታል። ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ስለታም ብረት በጥንቃቄ መላግ ይኖርበታል፤ ካልሆነ ማይካውን ይበሳዋል። ከመሣሪያው ኃይል በፊት በመልቲሜትር መነካካት አለመኖሩን ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ሙሉ ቦርዱን ከመቃጠል ያድናል።

በትራንዚስተር ላይ የሚጻፈው የኃይል መጠንም ብዙዎችን ያሳስታል። ለበርካታ አሥርት ዓመታት በዓለም ገበያ የቆየው 2ኤን3055 የተባለው ትራንዚስተር 115 ዋት እንደሚችል ተመዝግቧል። ይህ ግን የትራንዚስተሩ ጀርባ በ25 ዲግሪ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ጀርባው 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚችለው 66 ዋት ገደማ ይሆናል። አምራቾች በሚያወጡት መግለጫ ላይ ይህ ቅናሽ በግልጽ የሚገኝ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አንብቦ የሚገጣጥም ሰው መሣሪያውን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል።

ሌላው በቸልታ የሚታለፈው ጉዳይ ሙቀቱ ራሱን የሚያባብስ መሆኑ ነው። ትራንዚስተር ሲሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብዙ ሲያሳልፍ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን ለመግታት የሚሠራው አነስተኛ መቆጣጠሪያ ትራንዚስተር ከዋናዎቹ ጋር በአንድ ሂትሲንክ ላይ መታሰር አለበት። በቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ የዋናዎቹን ሙቀት ስለማይሰማ ሥራውን ሊያከናውን አይችልም።

ደሴና ኮምቦልቻ በስሌት ሲነጻጸሩ

ሦስተኛው ደረጃ የቦታው ከፍታ ወሳኝ የሚሆንበት ነው። ሂትሲንክ ሙቀቱን የሚሰጠው በክንፎቹ መካከል ለሚያልፈው አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። የአየር ግፊት በደሴ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ነው። በደሴ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውና ጥራጥሬ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው። በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያለው መጠን ሲያንስ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል።

የሂትሲንክ አምራቾች በሚጠቀሙበት የከፍታ ቅናሽ መሠረት አንድ ሂትሲንክ በ2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ከአቅሙ 86 በመቶ፣ በ3 ሺህ ሜትር ደግሞ 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። በዚህ ስሌት በደሴ 83 በመቶ፣ በኮምቦልቻ 87 በመቶ ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ከላይ የተጠቀሰውን 50 ዋት ሙቀት የሚያመነጭ አምፕሊፋየርና 0 ነጥብ 8 ዲግሪ በዋት የተባለውን ሂትሲንክ ወስዶ ማነጻጸር ይቻላል። በባሕር ጠለልና በ25 ዲግሪ አየር ሂትሲንኩ በ40 ዲግሪ ሞቆ 65 ዲግሪ ላይ ይረጋል። በደሴ በ20 ዲግሪ አየር በ48 ዲግሪ ሞቆ 68 ዲግሪ ይደርሳል። በኮምቦልቻ ግንቦትና ሰኔ ላይ አየሩ 30 ዲግሪ ገደማ በሚሆንበት ቀን በ46 ዲግሪ ሞቆ 76 ዲግሪ ላይ ይቆማል።

ከንጽጽሩ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። በመጀመሪያ በደሴ ቀን ተሞክሮ “ጥሩ ነው” የተባለ መሣሪያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ በ8 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል። ሁለተኛው ደግሞ የደሴ ብርድ ሁልጊዜ የሚታመን አለመሆኑ ነው። በር ተዘግቶ በሰው የተሞላ አዳራሽ ውስጥ አየሩ 30 ዲግሪ ከደረሰ፣ የደሴው ሂትሲንክ 78 ዲግሪ ላይ በመድረስ ከኮምቦልቻው ይበልጣል። በደሴ የሳሳው አየር፣ በኮምቦልቻ የሞቀው አየር የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያስከፍሉ በሁለቱም ከተሞች አምራቹ ከሚመክረው ቢያንስ አንድ አምስተኛ የሚበልጥ ሂትሲንክ መምረጥ ተገቢ ይሆናል።

በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ሲጨመር ሁኔታው ይባባሳል። በመደበኛው 220 ቮልት የተሰላ አምፕሊፋየር መስመሩ ወደ 240 ቮልት ከፍ ሲልበት፣ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ከሌለው ሊያመነጭ የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት በ19 በመቶ ይጨምራል። የኮምቦልቻው ሂትሲንክ በዚህ ጊዜ ከ76 ወደ 85 ዲግሪ ገደማ ያድጋል። ሙቀቱ በአራት ትራንዚስተሮች ቢከፋፈልና ከሂትሲንኩ እስከ ሲሊኮኑ ያለው ልዩነት 30 ዲግሪ ቢሆን የትራንዚስተሩ ውስጥ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ በብዙዎቹ ትራንዚስተሮች ላይ ከሚታወቀው የ150 ዲግሪ ጣሪያ በታች በመሆኑ መሣሪያው ይቋቋመዋል።

ነገር ግን ቅባቱ ባግባቡ ካልተቀባና ብሎኑ ካልጠበቀ ልዩነቱ በቀላሉ ከ30 ወደ 52 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ድምሩም 137 ይሆናል። ሳጥኑ መተንፈሻ ሳይኖረው ቀርቶ በውስጡ ያለው አየር ከውጪው በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ 152 ዲግሪ ላይ ይደረሳል። መሣሪያው የሚቃጠለው በአንድ ትልቅ ስህተት ሳይሆን እያንዳንዳቸው ቀላል በሚመስሉ ጉድለቶች ድምር መሆኑን ይህ ስሌት በግልጽ ያሳያል።

ሂትሲንክ ከምን ይሠራል?

አሉሚኒየም ቀላል፣ ለመቁረጥና ለመብሳት የሚመች እንዲሁም ሙቀትን በጥሩ ሁኔታ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። መዳብ በእጥፍ ገደማ የተሻለ ቢያስተላልፍም ክብደቱና ዋጋው ከፍተኛ ነው። የላሜራ ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም ሩብ ገደማ በሆነ መጠን ስለሆነ ትራንዚስተርን በሳጥኑ ላሜራ ላይ ብቻ አስሮ መተው አያዋጣም።

ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ለአነስተኛ አምፕሊፋየር ሊያገለግል ይችላል። ይሁንና ስስ በመሆኑ ሙቀቱ ከትራንዚስተሩ ሥር ርቆ ሳይሄድ ይቀራል። ለመካከለኛ ኃይል ትራንዚስተሩ የሚያርፍበት መሠረት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ይመረጣል።

ያለ ማራገቢያ ለሚሠራ ሂትሲንክ የክንፎቹ አቀማመጥ ወሳኝ ነው። ክንፎቹ ከታች ወደ ላይ ቆመው መታሰር አለባቸው፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ቀዝቃዛው እንዲተካ መንገድ ይከፍታሉ። በተኙ ክንፎች መካከል አየሩ ታግቶ ይቀራል። በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመከራል። ማራገቢያ ለሚገጠምለት ሂትሲንክ ግን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። በኬሚካል ሂደት የጠቆረ ሂትሲንክ ያለ ማራገቢያ በሚሠራበት ጊዜ ከሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ይልቅ ሙቀትን በጨረር መልክ በተሻለ ይለቃል። ማራገቢያ ሲኖር የቀለሙ ልዩነት ያን ያህል ትርጉም አይኖረውም።

የማራገቢያ አገጣጠም

ሂትሲንክ ብቻውን የማይበቃ ሲሆን ባለሙያዎች ፋን የሚሉት ማራገቢያ ይገጠማል። በስፋት የሚሠራበት በ12 ቮልት የሚሽከረከረው የኮምፒዩተር ማራገቢያ ሲሆን፣ 80 እና 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የተለመዱ ናቸው። ሰፋ ያለው ማራገቢያ በዝግታ እየተሽከረከረ ያንኑ ያህል አየር ስለሚያንቀሳቅስ ጩኸቱ ያነሰ ነው።

ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በከፍታ ምክንያት ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአየሩ ክብደት ነው። በመሆኑም በደሴ ያው ማራገቢያ በባሕር ጠለል ከሚያስወግደው ሙቀት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያነሰ ያስወግዳል። መፍትሔውም አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማራገቢያ መምረጥ ወይም የሂትሲንኩን ስፋት መጨመር ነው።

አገጣጠሙ ከማራገቢያው መጠን ባልተናነሰ ውጤቱን ይወስናል። አየሩ በሳጥኑ ውስጥ እንዲሁ ከመዞር ይልቅ በቀጥታ በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የአየር መግቢያው ከታች ወይም ከፊት፣ መውጫው ከላይ ወይም ከኋላ መሆን ሲገባው፣ የመግቢያው ስፋት ከማራገቢያው አፍ ማነስ የለበትም። መግቢያና መውጫው ተቀራርበው ከተሠሩ የወጣው ሞቃት አየር ተመልሶ ይገባል። መሣሪያውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ማስቀመጥ ወይም በላዩ ላይ ጨርቅ ማልበስም ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላል።

ማራገቢያው ኃይል የሚያገኝበት መንገድም ጥንቃቄ ይሻል። ከድምጹ መስመር ጋር በአንድ ላይ ከተገናኘ የሚፈጥረው ሁከት በድምጽ ማውጫው ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ለብቻው አነስተኛ ኃይል ሰጪ ቢኖረው ይመረጣል። በ12 ቮልት ፈንታ ከ7 እስከ 9 ቮልት ሲሰጠው ጩኸቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ቮልቴጅ ከቆመበት ተነስቶ መሽከርከር መቻሉን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

በሂትሲንኩ ላይ የሚታሰር ቴርሞስታት ለዚህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው። አንዱ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ማራገቢያውን ያስነሳል። ሌላው ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስ የመሣሪያውን ኃይል ይቆርጣል። ሁለተኛው የማይታለፍ ነው፤ ምክንያቱም ማራገቢያ የሚያልቅ ዕቃ ነው። አቧራ ሲሞላውና ዘይቱ ሲደርቅ ሳይታሰብ ይቆማል። በማራገቢያ ተማምኖ በትንሽ ሂትሲንክ የተሠራ አምፕሊፋየር ማራገቢያው በቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስለሆነም ማራገቢያውን የትንሽ ሂትሲንክ ማካካሻ ከማድረግ ይልቅ ለበቂ ሂትሲንክ ተጨማሪ ድጋፍ አድርጎ መውሰድ አስተማማኝ ነው።

የአቧራ ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። በየሦስት ወሩ ማራገቢያውንና ክንፎቹን በብሩሽ ማጽዳት ወጪ የማይጠይቅ ጥገና ነው። የሙቀት መቀነስ በሌሎች ክፍሎች ዕድሜ ላይም ለውጥ ያመጣል። በኃይል ሰጪው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚያድግ በዘርፉ የታወቀ ነው። በ105 ዲግሪ 2 ሺህ ሰዓት የሚያገለግል ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32 ሺህ ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል።

የደህንነት ጉዳይ

የአምፕሊፋየር ሳጥን ከብረት የሚሠራ ከሆነ የመሬት መስመር ሊገናኝለት ግድ ነው። ቫልቮላውም በመሣሪያው መጠን የተመረጠ መሆን ይኖርበታል። የተቃጠለ ቫልቮላን በሽቦ መተካት ጉድለቱን ወደ እሳት አደጋ ከማሸጋገር ያለፈ ፋይዳ የለውም። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹም የሕፃን ጣት በማያስገባ መጠን ሊሠሩ ይገባል።

ከፍታ ከሙቀት በተጨማሪ በኤሌክትሪክ ደህንነትም ላይ ተጽዕኖ አለው። የሳሳ አየር ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ዝቅተኛ ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርቶች በመስመሮች መካከል የሚተው የአየር ክፍተት የሚሰላው በመደበኛነት እስከ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላለው ሁኔታ ነው። ከዚያ በላይ ክፍተቱ ይጨምራል፤ በ3 ሺህ ሜትር 1 ነጥብ 14 እጥፍ መሆን አለበት። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ከውጭ የሚገቡ መሣሪያዎች ላይ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ብቻ እንዲያገለግሉ የሚያሳስብ የተራራ ምልክት ተለጥፎ ይገኛል።

ይህ ምልክት ለሁለቱ ከተሞች የተለያየ ትርጉም አለው። ኮምቦልቻ ከ2 ሺህ ሜትር በታች፣ ደሴ ግን በላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ጨረታ ገዝቶ ለሁለቱም ከተሞች የሚያከፋፍለው መሣሪያ በአንዱ ከተማ ከመስፈርቱ ጋር ሲስማማ በሌላው ላይስማማ ይችላል።

ከመሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

ጉዳዩ የጥገና ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የወረዳና የቀበሌ አዳራሾች፣ ትምህርት ቤቶችና የባህል ተቋማት የድምጽ መሣሪያ ይገዛሉ፤ ያስጠግናሉ። በ2014 ዓ.ም በደሴና በኮምቦልቻ በርካታ የመንግሥት ተቋማት በጦርነቱ ምክንያት ዘረፋና ውድመት እንደደረሰባቸው ይታወሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚገባ ዕቃን በብር መተካት ይበልጥ ውድ ሆኗል። በመሆኑም ያለውን መሣሪያ ዕድሜ ማራዘምና በሀገር ውስጥ ሙያ መጠቀም የበጀት ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ የግዥ ክፍሎች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች አሉ። በመጀመሪያ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ መሣሪያው የሚያገለግልበትን ከፍታና የአየር ሙቀት መግለጽ ነው። “ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትርና በ35 ዲግሪ አየር ሳያቋርጥ የሚሠራ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አቅራቢውን ለጥራቱ ተጠያቂ ያደርጋል። በሁለተኛ ደረጃ ርክክቡ ድምጽ መውጣቱን በማየት ብቻ ሊጠናቀቅ አይገባም። መሣሪያው ለሁለት ሰዓት ያህል በመካከለኛ ድምጽ እንዲሠራ ተደርጎ የሂትሲንኩ ሙቀት በቴርሞሜትር ቢለካ ድክመቱ በግልጽ ይታያል። በተጨማሪም በኤቢ ክፍል ፈንታ ዲ ክፍል የተባለውን አምፕሊፋየር እንደ አማራጭ ማየት ይቻላል። ይህ ዓይነቱ 100 ዋት ድምጽ ሲሰጥ የሚያባክነው ከ10 እስከ 15 ዋት ገደማ በመሆኑ የሙቀት ጫናው አነስተኛ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ተከማችተው የሚገኙ ያረጁ ኮምፒዩተሮችም የአሉሚኒየም ሂትሲንክ፣ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያና ኃይል ሰጪ በውስጣቸው ይዘዋል። ሀገሪቱ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ በ2010 ዓ.ም ያወጣች ሲሆን፣ ዕቃዎቹ በንብረት አወጋገድ ሥርዓት መሠረት ለሥልጠና ተቋማት ቢተላለፉ ሁለት ጥቅም ይሰጣሉ። በአንድ በኩል መጋዘን ይለቃሉ፤ በሌላ በኩል ለተማሪዎች የተግባር መለማመጃ ይሆናሉ። ዕቃዎቹን የሚፈቱ ሠልጣኞች ግን ኃይል ሰጪው ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ እንደሚችል ማወቅና መፍሰሱን በመልቲሜትር ማረጋገጥ አለባቸው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሠረት በአካባቢው አለ። በደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና የቆዩ ፋብሪካዎች የሚገኙባት የኢንዱስትሪ ከተማ በመሆኗ የብረታ ብረት ሙያ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የአየር ሁኔታዎች የያዙ በመሆናቸውም አንድን ሂትሲንክ በደሴና በኮምቦልቻ ለክቶ ማነጻጸር ለተማሪዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ውጤቱም ወዲያውኑ ሥራ ላይ የሚውል ጥናት ሊሆን ይችላል።

ለጥገና ባለሙያው ደግሞ ቀላል መመዘኛ አለ። መሣሪያው ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ጠፍቶና ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ እጅ በሂትሲንኩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ማረፍ ካልቻለ ሙቀቱ 60 ዲግሪን ማለፉን ያመለክታል። ይህ በራሱ ብልሽት ባይሆንም ቅባቱን፣ ብሎኑን፣ የአየር መንገዱንና ማራገቢያውን በቅደም ተከተል መፈተሽ እንደሚያስፈልግ ያሳውቃል።

በአጠቃላይ አምፕሊፋየር ተሠርቶ የሚያልቀው ድምጽ ሲሰጥ ሳይሆን ያመነጨውን ሙቀት ለአካባቢው አየር ማስረከብ ሲችል ነው። የአካባቢው አየር ደግሞ በደሴ አንድ ዓይነት፣ በኮምቦልቻ ሌላ ዓይነት ነው። ገጣጣሚው ሂትሲንኩን ሲመርጥ፣ የግዥ ባለሙያው መስፈርቱን ሲጽፍ፣ ተረካቢ ኮሚቴውም ዕቃውን ሲፈትሽ ይህን ልዩነት ግምት ውስጥ ካስገቡ የሕዝብ ገንዘብ ከብክነት፣ አዳራሾችም ከእሳት አደጋ ይጠበቃሉ፤ ስብሰባውም ያለ መቋረጥ ከፍጻሜው ይደርሳል።